ፊቱ የልጄ፣ ኋላው የእኔ

ገርጂ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ፣ ትምህርትህ፣ ያ የማያልቅ በረዶህ እንዴት ይዘውሃል? ባለፈው የላክኸውን ፎቶግራፍ እማዬ ከፍ ዝቅ አድርጋ አየችና ኮቱ ነው ያወፈረው እንጂ ልጄስ አልቋል አለች። እባክህ ብላ። ሾርባቸው ባይጥምህም አፍንጫህን ይዘህ ብላ። እኔና እማዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በልጉ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገብቶ ግቢያችን ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ከበሩ እስከ ቤቱ የምንሻገረው አባባ በደረደረው የጣውላ ቁራጭ ላይ እየዘለልን ነው።

መልስ ስላዘገየሁብህ አትቀየመኝ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ጥር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እስክሪብቶ አንስቼ እንደጣልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ምላሴ ባይሰንፍም እጄ ለወሬ ሰነፍ መሆኑን አንተ አታጣውም። አሁን ይህን ስጽፍ እማዬ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ አጠገቤ ተቀምጣለች። ፊደል ባትቆጥርም ፊቴን ታነባለች። በየመሐሉ አሁን ምን ጻፍሽ ትለኛለች፤ ስለ ጀልባው ነው እላታለሁ። እሺ ስለ ጀልባው ጻፊለት፣ ሌላ ሌላውን ተዪው ትለኛለች። አስምላኛለችም። ስለዚህ ስለ ጀልባው እጽፍልሃለሁ።

አንተም ቢሆን የጠየቅኸኝ ስለዚሁ ነው። ከሰላምታው ሁሉ በኋላ፣ ወረቀቱ ሊያልቅብህ ሲል፣ አባባ ዛሬም መላጊያውን አላቆመም ወይ? ዛሬም ይቅር አላለኝም ወይ? ብለሃል። ያቺን መስመር አንብቤ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። መልሱ ረጅም ነውና ታገሠኝ።

የምታውቀውን ልድገምልህ ነው። አንተ ግን ያን ቀን ውሃው ውስጥ ነበርክ፣ እኔ ዳር ላይ ነበርኩ፤ ዳር የቆመ ሰው ሌላ ነገር ያያል። አባባ ምጽዋ በባሕር ኃይሉ አናጢ ቤት የተማረውን ሙያ ይዞ ገርጂ ሜዳ ላይ ሰፍሮ፣ ለዝዋይ ሰዎች ጀልባ እየሠራ አሳደገን። ባሕር በሌለበት ጀልባ ሠሪ ተብሎ ሰፈሩ ኖኅ ሲለው እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። የሚሠራው ደግሞ ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነውን ነው፤ ሌላ አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም። አንተ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት መጣህና የጀልባ ሆድ ሹል ካልሆነ ማዕበል አይቆርጥም፣ ጠፍጣፋው ማዕበሉ ላይ እየወጣ እየወደቀ የሰው ወገብ ይሰብራል አልከው። እሱ ደግሞ ሹሉ ሲሮጥ ነው የሚያምርበት፤ ሲቆም ይወላገዳል፣ ሰው ወደ አንድ ጎን ያደላ እንደሆነ አብሮ ይጋደማል አለህ። ሁለታችሁም እውነት ነበራችሁ። ማን ማንን ይስማ!

የኅዳር ጽዮን ዕለት በሠራሃት ባለ ሹል ሆድ ጀልባ ተሳላሚ ጭነህ ወደ ዝዋዩ ደሴት ስትመጣ እኔ በአባባ ጀልባ ቀድሜ ደርሼ ዳር ቆሜ ነበር። ያንተዋ ስትመጣ ሳያት ኮራሁ፤ አልዋሽህም። ውሃውን ለሁለት እየከፈለች፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ሰው ላይ ጠብታ ሳትረጭ ነው የመጣችው። አባባም አጠገቤ ሆኖ አያት፤ ከንፈሩን ነክሶ ነው ያያት። ከዚያ ለመጠጋት ሞተሩን አበረድከው። ያኔ ነው ቤተ ክርስቲያኑ ከዛፎቹ ጀርባ ብቅ ያለው። ሰው ሁሉ ግር ብሎ ተነሣ፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ዞረ፣ ሁሉም አንድ ላይ ጎንበስ አለ። ለመሳለም ማን ተራ ይጠብቃል? ጀልባዋም አብራቸው ጎንበስ አለች፤ እነሱ ቀና ሊሉ ሲሉ እሷ ቀና አላለችም።

የደሴቱን ሰዎች እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ በደንገል ታንኳቸው ደርሰው ሁሉንም አወጡ። ነፍስ አልጠፋም። አባባ ግን እዚያው፣ ልብስህ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ሰው እንደ ጆንያ የሚቀመጥ መስሎሃል? ጆንያ አይሳለምም አለህ። ከዛሬ ጀምሮ መጋዜን እንዳትነካም አለህ። ነገሩስ ልክ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መሆኑ ነው ጉድ ያደረገን። ያን ዓመት ካንተ አፍ ለአባባ፣ ከአባባ አፍ ላንተ የወጣ ቃል ትዝ አይለኝም፤ ጨው አቀብለኝ እንኳን በእኔ በኩል ነበር የምትባባሉት።

ወደ ሩሲያ የምትሄድበት ዕለት እማዬ ግባና ጉልበቱን ስመህ ተመረቅ ብላ ለመነችህ። የአባባ ወንድም ጋሽ መኩሪያም ያን የሚያህል ሰው ለመነህ፣ አንተ ልጅ፣ ያልተመረቀ መንገደኛ አያምርበትም አለህ። አንተ የግቢው በር ላይ ቆመህ መላጊያውን እስኪያቆም ጠበቅህ። እሱ እየላገ አንተ እስክትገባ ጠበቀህ። የሁለት ግትሮች እህትና ልጅ መሆን ቀላል መሰለህ? መሐል ቆሜ ወዲያና ወዲህ ሳይ አንገቴ ታመመ። ታክሲው ጡሩምባውን ነፋ፣ ሄድክ። ቦሌ እንደሆነች ቅርብ ናት።

የማታውቀውን ደግሞ አሁን ልንገርህ። አውሮፕላንህ በግቢያችን አናት ላይ ሲያልፍ መላጊያው ቆመ። አባባ ቀና አለ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስም ቀና እንዳለ ቆየ። ከዚያን ቀን ወዲህ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና ማለት ሆነ ሥራው። እኛ ሰፈር ደግሞ አውሮፕላን እንደ ቁራ ነው። እማዬ አንድ ቀን ልጄ በየቀኑ ነው እንዴ የሚሄደው ብላ ብትነካው አኩርፎ ምሳውን ትቶ ተነሣ። ስምህን ግን አይጠራም። ያ ልጅሽ ነው የሚላት፤ እሱ ያልወለደህ ይመስል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ለምን አልጻፍሽልኝም ትለኝ ይሆናል። ብጽፍልህ ምን እልሃለሁ? ቀና ይላል ልበልህ? አንተ የምትጠብቀው ቃል ነበር፤ ቃል ደግሞ አልነበረኝም።

ነገሩን የለወጠችው ፈለቀች ናት። ከደሴቱ ዓሣና ሽንኩርት እያመጣች የምትሸጠዋ፣ አንተ ጥርሰ ፍንጭቷ የምትላት። ነፍሰ ጡር ሳለች አሟት ወደ ሐኪም ለመሻገር ከሰዓት በኋላ በአባባ ጀልባ ተሳፈረች። የዝዋይን የከሰዓት ነፋስ ታውቀዋለህ። ውሃው ጥልቅ አይደለምና ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ጠፍጣፋው ጀልባ በአንዱ ላይ ይወጣል፣ በሌላው ላይ በሆዱ ይወድቃል፤ ዷ ዷ እያለ ነው የሚሻገረው። ፅንሱ ወረደባት። ሐኪሙ ምክንያቱ ሌላ ነው ብሏታል አሉ፤ እሷ ግን የምታውቀውን ታውቃለች። ሲሻላት ጊዜ ዓሣ ይዛ የመጣች መስላ ግቢያችን ገባች። አባባ እንደ ልማዱ እንዴት ነሽ ልጄ ቢላት፣ ጋሼ፣ ሆዴን የመታኝ ማዕበሉ አይደለም፣ ጀልባዎ ነው አለችው። አልጮኸች፣ አልተሳደበች። ዓሣውን እማዬ ፊት አስቀምጣ ሄደች።

አባባ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። በማግስቱ እማዬን ያ ልጅሽ ስለ ጀልባ ሆድ የጻፈው ነገር አለ ይባላል፣ ይነበብ አላት። መጀመሪያ የላክኸውን፣ እሱ ጆሮዬ ላይ እንዳይነበብ ያለውን ደብዳቤ ከሣጥኔ አውጥቼ አነበብኩለት። ጀርባውን ሰጥቶኝ እየላገ ነው የሚሰማው። ጠጋ ብዬ ሳይ መላጊያው እንጨቱን አልነካም፤ አየር ነው የሚልገው! አጭር ማዕበል ላይ ጠፍጣፋ ሆድ ለምን እንደሚደበድብ የጻፍከው ጋ ስደርስ ድገሚው አለኝ። ደገምኩለት። አሁንም ድገሚው አለኝ።

ከዚያ ሳፋ ውሃ አስመጣኝ። መዳፉን ዘርግቶ ውሃውን በጥፊ መታው፣ እኔ ከላይ እስከ ታች ተረጨሁ። ይኼ እኔ ነኝ አለ። ቀጥሎ እጁን በጠርዙ አቁሞ ሲያወርደው ውሃው ዝም አለ። ይኼ እሱ ነው አለ። ከዚያ የቆመውን እጁን በሌላኛው እጁ ጣት ነካ ሲያደርገው ተጋደመ። ይኼም እሱ ነው አለ። ሳቅሁ፤ ተቆጣኝ። ያ ሳፋ ከዚያ ወዲያ ከግቢው አልተነሣም። እማዬ ልብስ የምታጥብበት አጥታ ስትነጫነጭ ከረመች፤ ጎረቤት ሰውየው በስተርጅና ከውሃ ጋር መጫወት ጀመረ ብሎ ጉድ አለ።

አንድ ማለዳ ለሥራ ልወጣ ስል ጠራኝ። ክንዱን ሳፋው ውስጥ አጋድሞታል። ጣቶቹ በጠርዛቸው ቆመዋል፤ ወደ ክርኑ እየተጠጋ ሲሄድ ግን ክንዱ ቀስ እያለ ይዞርና ተዘርግቶ ይተኛል። ገፋ አድርጊኝ አለኝ። ገፋሁት፤ አልተጋደመም። ውሃውን ወደ ፊት ሰነጠቀው፤ አልረጨኝም። ማዕበል የሚመታው ፊቱን ነው፤ ሰው ቆሞ የሚሳለመው መሐሉና ኋላው ላይ ነው፤ ታዲያ ለምንድን ነው የምንጣላው? አለኝ። እኔን እያየ ነበር የተናገረው፤ ለእኔ ግን አልነበረም።

መሥራቱ ግን ፍዳ ነበር። ከሹል ወደ ጠፍጣፋ የሚሄድ ጀልባ ጣውላው እንደ እርጥብ ጨርቅ መጠምዘዝ አለበት፤ ጣውላ ደግሞ ጨርቅ አይደለም። ከቆርቆሮ ረጅም ሣጥን ሠርቶ፣ ከሥሩ በርሜል ጥዶ፣ እርጥብ ዋንዛ በእንፋሎት እያበሰለ ትኩስ ትኩሱን ይጠመዝዘዋል። እኔ አንዱን ጫፍ እይዛለሁ፣ ጋሽ መኩሪያ ሌላውን። ቀጭ ሲል ይሰማሃል፤ አለቀ፣ ያ ጣውላ ማገዶ ሆነ ማለት ነው። እንጨት የሚገኝበት ዘመን እንዳልሆነ ታውቃለህ፤ የዝዋይ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሰዎች ቀስ እያሉ ሲልኩለት እየጠበቀ፣ አንዱን ጎን ሲጨርስ ክረምት ገባ፣ ሌላውን ሲጀምር ክረምት ወጣ። ሳሉ ያኔም ነበረበት። የሬንጁ ጭስ ነው፣ ያልፋል ይላል። ልጻፍለት ወይ ስለው ውሃ ላይ ያልወጣ ጀልባ ጀልባ አይባልም፣ ሳይሞከር ትንፍሽ እንዳትዪ ብሎ አስፈራራኝ።

ዘንድሮ ለኅዳር ጽዮን ደረሰችለት። የማኅበሩ ፊያት የጭነት መኪና መጥቶ ሲጭናት የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ኖኅ ወጣ! ዝናቡ መቼ ነው? እያለ እስከ ቦሌ መንገድ ድረስ ተከተለን። አባባ ጋቢውን ለብሶ ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ ነው የሄደው፤ ጋቢና ግባ ቢሉት እንቢ አለ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይስቃል። እኔ ሹፌሩ አጠገብ ሆኜ በመስኮት እያየሁት፣ ያን ቀን የእሱ ልጅ በመሆኔ ከኩራት የተነሣ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ነበር። አንተ ብታየው ብዬ በጣም ተመኘሁ።

ጠዋት ውሃው ፀጥ ያለ ነው። ተሳላሚው ሞላ። አባባ ተቀመጡም አትነሡም አላላቸውም። ጋሽ መኩሪያ በጆሮው ንገራቸው እንጂ ቢለው፣ ጆንያ አልጫንኩም አለው። ደሴቱ ቀረበ፣ ሞተሩ በረደ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከዛፉ ጀርባ ብቅ አለ። ሰው ሁሉ ግር ብሎ ተነሣ። ሁሉም ወደ ቀኝ። ሁሉም ጎንበስ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የአባባን እጅ ይዤ ነበር። ጀልባዋ ጥቂት አዘነበለች። ከዚያ ያ ሰፊ ኋላዋ ውሃው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና ቆመች። ሰው ተሳልሞ ቀና ሲል አብራ ቀና አለች። ማንም ምንም እንደሆነ አላወቀም። አባባ ብቻ ነው ያልተሳለመው፤ የውሃውን ልክ ሲያይ ረሳው። በኋላ ትዝ ሲለው ደንግጦ ብቻውን ተመልሶ ሄዶ ተሳለመ።

ስንመለስ ነፋሱ ተነሥቷል። ያው የከሰዓቱ፣ አጭሩ፣ እንደ ደረጃ የቆመው ማዕበል። ፈለቀች አለች፤ ከዚያ ወዲህ እግዚአብሔር ሰጥቷት የወለደቻትን ልጅ ታቅፋለች። መጀመሪያ አልሳፈርም ብላ ነበር። አባባ ለመናት፤ ተሳፍረሽ ፍረጂኝ፣ ከመታሽ ተመልሼ መጋዝ አልይዝም አላት። ማለላት። የጀልባዋ አፍንጫ ጋ ሳይሆን መሐል ላይ አስቀመጣት፤ ጓዙንና ጆንያውን ሁሉ ወደ ኋላ አስገፋ፤ ሞተረኛውንም እሽቅድምድም አይደለም፣ ቀስ በል አለው። ወጣን። እኔ ጥርሴን ነክሼ ዷ የሚለውን እጠብቃለሁ። አልመጣም። ፊቷ ማዕበሉን እየከፈለ ይገባል፤ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ፤ ውሃው በሁለቱ ጎን ሽው ብሎ ይሄዳል። አልነካንም አልልህም፣ ልብሳችን ረጥቧል፤ ወገባችን ግን አልተመታም። መሐል ሐይቅ ስንደርስ ፈለቀች እጄን ጎተተችና ወደ ደረቷ አሳየችኝ። ሕፃኗ ተኝታለች።

ወንድምዓለም፣ በአባባ ጀልባ፣ በዚያ ነፋስ፣ ሕፃን ተኝቶ አያውቅም። አባባ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። ነፋሱ ነው አለ።

ወደብ ወርደን ሰው ሁሉ ሲበተን እሱ እዚያው ዳር ቀረ። ማን ነው የሠራት ብለው ወደቡ ላይ የቀሩ ተሳላሚዎች ሲጠይቁት ፊቱ የልጄ ነው፣ ኋላው የእኔ ነው አላቸው። ከዚያ ስምህን ጠራ። ስምህን ሙሉውን፣ ከራሱ ስም ጋር አያይዞ፣ ክርስትና ስምህን ሳይቀር ጠራ። ጎንበስ ብሎ ከሐይቁ ውሃ በመዳፉ ጨለፈና ወደ ሰሜን ዞሮ፣ ያንተ አገር ያለበትን ማን እንደነገረው እንጃ፣ እንዲህ ብሎ መረቀህ፦ ልጄ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። የሠራኸው የሰው ልጅ አያስለቅስ። የሄድክበት ውሃ ሜዳ ይሁንልህ። ሳትመረቅ መሄድህ የእኔ ዕዳ ነው እንጂ ያንተ አይደለም፤ ያ ዕዳ እዚህ ውሃ ውስጥ ይቅር። እኔና ጋሽ መኩሪያ አሜን አልን። ምርቃት ግን ባለቤቱ አሜን ሲለው ነው የሚጸናው፤ ስለዚህ እዚህ ጋ ስትደርስ ወረቀቱን አስቀምጠህ አሜን በል። ድምፅ አውጥተህ በል።

ያኔ ወዲያው ልጽፍልህ ነበር። አንቺ ምን አገባሽ፣ እኔው ራሴ ነኝ የምጽፍለት አለኝ። ወረቀት ገዛሁለት። ለውድ ልጄ ይልና ይቆማል፤ ከመጋዝ እስክሪብቶ ይከብዳል ይላል፤ ነገ እጨርሰዋለሁ ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ገና አለፈ። ከጥምቀት ወዲህ ያ ሳል ጠናበትና ጋደም ማለት አበዛ። ደብዳቤህ ያን ሰሞን መጣ። መላጊያውን አላቆመም ወይ ያልከውን አነበብኩለት። ፈገግ አለ፤ ጥርሱን ካየሁ ቆይቼ ነበር። መልስ ሊሰጠኝ ቢፈልግ ሳሉ አላናግር አለው። ከዚያ እጁን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣ። ጣቶቹን በጠርዛቸው አቆመ፤ ክንዱን ደግሞ ቀስ አድርጎ አዙሮ አስተኛው። እንዲያ አድርጎ ያዘልኝ። ገባኝ አባባ፣ እነግረዋለሁ አልኩት። አውሮፕላን ሲያልፍ ሰማን፤ እሱ ግን ቀና አላለም፤ ዓይኑን ብቻ ወደ ጣሪያው አነሣ።

አሁን ምን ጻፍሽ አለችኝ እማዬ። ስለ ጀልባው አልኳት። ታዲያ ምን ያስለቅስሻል አለችኝ። ቀለሙ የተበላሸበት ቦታ ካለ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ወረቀት የለኝም፣ ደግሜ አልጽፈውም።

ሌላ ወሬ እንዳይቀርብህ፦ ሰሞኑን ግቢያችን ሰው በዝቶበት ነበር። ወንበር አልበቃ ስላለ አባባ የጀመራትን አዲስ ጀልባ ገልብጠው ሽማግሌዎቹ ተቀመጡባት። እሷንም እንዲሁ ፊቷን ሹል አድርጎ ነበር የጀመራት፤ ኋላዋ ገና ነው። አንተ ትጨርሳታለህ ብለን በሸራ ሸፍነናታል። የዝዋይ ሰዎችም መኪና ሞልተው መጥተው ነበር፤ ፈለቀች ከበሩ ጀምራ ጋሼ ጋሼ እያለች ነው የገባችው። ፀጉሬን አሳጥሬዋለሁ፤ ስታየኝ እንዳትስቅ። መላጊያውን ዘይት ቀብቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጬልሃለሁ።

የጎረቤታችን የጋሽ አረጋዊ ልጅ ተካልኝ፣ ሞስኮ የሚማረው፣ ለእረፍት መጥቶ ነበር፤ ነገ ይመለሳል። ይህን ደብዳቤ የምልክልህ በእሱ እጅ ነው። አንተ ዘንድ ድረስ በባቡር እመጣለሁ፣ የአገር ልጆችም ይዤ እመጣለሁ ብሎ ለእማዬ ቃል ገብቷል። ማልደው ነው የሚመጡት። ለምን በማለዳ፣ ለምን ተሰብስባችሁ አትበላቸው። በሩን ክፈትላቸው፣ እንደ ወንድሞችህ እቀፋቸው። ለብቻህ ወጥተህ በዚያ ብርድ እንዳትንከራተት፤ አብረውህ ይደሩ። እባክህ በእናትህ ሞት።

ትምህርትህን ጨርስ። አገርህ ስትገባ ደግሞ ከቦሌ በቀጥታ ወደ ቤት አትምጣ። መጀመሪያ ገርጂ ጊዮርጊስ ውረድ፤ እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። እዚያ የምትስመው ጉልበት አለህ። በር ላይ ቆመህ ማንንም አትጠብቅም፤ ያን ጊዜ ግባ ስልህ ትገባለህ።

እማዬ ዓይንህን ትስምሃለች፣ ልጄ ሲርበው ይብላ፣ ሲበርደው ይደርብ፣ ብቻውን አይሁን በይልኝ ብላለች። ጋሽ መኩሪያ ሰላም ይልሃል፤ በርታ፣ ወንድ ልጅ ነህ ብሎሃል። ፈለቀች ሰላም ትልሃለች፤ ሕፃኗ ጥርስ አብቅላለች፣ እንደ እናቷ ፍንጭት ናት። ጎረቤቱ ሁሉ በያለበት ሰላም ብሎሃል። ከዚህ ቤት ሰላምታ የቀረብህ ሰው ቢኖር፣ አደራህን ወንድምዓለም፣ ቂም አይምሰልህ። ቂሙን ኅዳር ላይ ውሃ ወስዶታል።

የአባታችን ምርቃት ባለህበት ይድረስህ፤ ድንግል እስክንገናኝ በጥላዋ ትያዝህ።

የምትናፍቅህ
እህትህ